አፑ 1200 ካሎሪ ብዪ አለኝ፤ ወደ 1000 ልውረድ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62። ባንክ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ክብደት ለመቀነስ ስልኬ ላይ አንድ አፕ ጫንኩና በቀን 1200 ካሎሪ ብዪ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ85 ወደ 82 ኪሎ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወር ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ማታ ማታ ርሃቡ አያስተኛኝም። ወደ 1000 ልውረድ? እንጀራስ እርግፍ አድርጌ ልተው? ከፋሲካ በኋላ የእህቴ ሰርግ አለ፤ ሦስት ወር ያህል ቀርቶታል። እስከዚያ 62 መግባት እፈልጋለሁ። ሁዳዴም መግባቱ ነውና ጾሙን እንዴት ላድርገው? የምወስደው መድኃኒት የለም።»

መልስ፦

እህቴ፣ ወደ 1000 አትውረጂ። እንዲያውም ወደ 1500 ከፍ በይ። እንጀራም አትተዪ። ይህን የምልሽ ላባብልሽ ብዬ አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራውና ራስሽ ታይዋለሽ።

መጀመሪያ ያ 1200 ከየት እንደመጣ እንይ። አፑ ስትመዘገቢ «በሳምንት ስንት ኪሎ መቀነስ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ጠይቆሽ ይሆናል። አንቺም እንደ ብዙ ሰው ትልቁን፣ ማለትም 1 ኪሎ የሚለውን ነክተሻል ብዬ እገምታለሁ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7700 ካሎሪ ይይዛል። በሳምንት አንድ ኪሎ ለመቀነስ በየቀኑ 1100 ካሎሪ መጉደል አለበት። አንቺ በቀን የምታቃጥዪው 1900 አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ 1100 ሲነሳ የሚቀረው 800 ነው። አፑ 800 ብዪ ሊልሽ አይችልም። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ አመጋገብ ሐኪም እየተከታተለ የሚሰጥ ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1200፣ ወንድ ከ1500 በታች እንዲወርዱ አይመከርም። ስለዚህ አፑ ወርዶ ወርዶ ወለሉ ላይ ቆመ። 1200 ያንቺ ቁጥር ሳይሆን የአፑ ወለል ነው። 1 ሜትር ከ50 ለሆነች የ60 ዓመት ሴትም ያንኑ 1200 ነበር የሚሰጣት።

አሁን ያንቺን እናስላ። ባለሙያዎች በብዛት የምንጠቀምበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊን እና የሴንት ጆር ቀመር ነው። ስልክሽ ላይ ባለው ሒሳብ ማሽን ትሠሪዋለሽ። ክብደትሽን በ10 አባዢ፤ 820 ይመጣል። ቁመትሽን በሴንቲ ሜትር፣ 162ን ማለት ነው፣ በ6.25 አባዢ፤ 1012። ሁለቱ ሲደመሩ 1832። ከዚህ ላይ ዕድሜሽን በ5 አባዝተሽ፣ 180ን ቀንሺ። ሴት ስለሆንሽ ሌላ 161 ቀንሺ። 1491 ይቀራል። (ለወንድ 161 በመቀነስ ፈንታ 5 ይጨመራል።) ይህ አልጋ ላይ ተኝተሽ ብትውዪ እንኳ ልብሽ፣ አእምሮሽ፣ ጉበትሽና ኩላሊትሽ ሥራቸውን ለመሥራት የሚፈልጉት ነው።

አንቺ ግን ተኝተሽ አትውዪም። ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ይህ ቁጥር በ1.2 ይባዛል፤ ትንሽ ለሚንቀሳቀስ በ1.375። በመጀመሪያው 1790፣ በሁለተኛው 2050 ይመጣል። ቢሮ ቁጭ ትያለሽ፣ ግን ታክሲ ለመያዝ ትሄጃለሽ፣ ደረጃ ትወጫለሽ፣ ቅዳሜ ቤት ታጸጃለሽ። መሃሉን እንውሰድ፤ 1900። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ራሱን ያታልላል። በሳምንት ሁለቴ ጂም ስለገባ «በጣም ተንቀሳቃሽ» የሚለውን ይነካል፤ አፑም 300 እና 400 ካሎሪ በነጻ ይሰጠዋል።

ቀመሩ ራሱ በ10 በመቶ ሊስት ይችላል። እውነተኛው ያንቺ ቁጥር 1750ም 2050ም ሊሆን ይችላል። ይህን ሊነግርሽ የሚችለው ሚዛንሽ ብቻ ነው፤ እመለስበታለሁ። ለመነሻ ግን ከ1900 ላይ 400 ቀንሺ። 1500።

«በ1200 ያልቀነስኩ በ1500 እንዴት እቀንሳለሁ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። መልሱን የነገረሽ ሚዛንሽ ነው። አንድ ወር ሙሉ 82 ላይ ከቆምሽ፣ በአማካይ የምትበዪው የምታቃጥዪውን ያህል ነው። ወደ 1900 ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ 1200፣ ሆድሽ ውስጥ 1900። ውሸታም ነሽ አላልኩም። ይህ በጣም የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ልክ እንዳንቺ «ከ1200 በታች እየበላሁ አልቀንስም» ያሉ ሰዎች ተጠንተው ነበር። የሚያቃጥሉትን በትክክል ለመለካት የሚያስችል ልዩ ውኃ ጠጥተው ሲለኩ፣ ከእውነተኛ ምግባቸው ግማሽ የሚጠጋውን ሳይመዘግቡ ቀርተዋል። እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በግማሽ ያህል አጋንነው ነበር የተናገሩት። ሰውነታቸው ሲታይ የማቃጠል ችግር አልነበረበትም።

መጀመሪያ የወረዱት 3 ኪሎዎችም በአብዛኛው ውኃ ናቸው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ስኳር ያስቀምጣል፤ ከእያንዳንዱ ግራም ጋር ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ። ምግብ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚወጣው ይኸው ነው። ስለዚህ ያን ፍጥነት መለኪያ አታድርጊው። ማንም በዚያ ፍጥነት አይቀጥልም።

ታዲያ 700ው ካሎሪ የት ገባ? የኢትዮጵያን ቤት ለሚያውቅ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ዘይት፣ ስኳር፣ የእንጀራው መጠን፣ ቅዳሜና እሑድ።

ከእንጀራው እንጀምር፤ የሚወነጀለው እሱ ስለሆነ። አፑ ውስጥ «እንጀራ» ብለሽ ስትፈልጊ አንዱ 100፣ ሌላው 380 ይልሻል። አንዱም ያንቺን እንጀራ አያውቅም። የውጭ አገር ሬስቶራንት ትንሽዬ እንጀራና የእናትሽ ምጣድ እንጀራ አይተካከሉም። ስለዚህ ቤትሽ አስይው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪ አለው። ሲቦካ የምትደፊው ውኃና እርሾው የሚበላው ትንሽ ነው፤ እርሺው። እንበልና 3 ኪሎ ዱቄት አቡክታችሁ 21 እንጀራ ወጣ። 3 ኪሎ ዱቄት 11,010 ካሎሪ ነው። ለ21 ሲካፈል 524። አንድ እንጀራ ከ500 በላይ! የቤታችሁ እንጀራ ሰፊና ወፍራም ከሆነ 600ም ይደርሳል። አንዴ ይህን ካወቅሽ ከዚያ በኋላ ሚዛንም አያስፈልግሽም። ግማሽ 260፣ ሩብ 130። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ አንዱን እንጀራ መዝኚው። ብዙው ውኃ ነው፤ በ100 ግራም 150 አካባቢ ብለሽ ያዢ።

አሁን ለምን እንጀራ አትተዪ እንዳልኩሽ ይገባሻል። 100 ግራም ደረቅ ፓስታም ሩዝም 360 እና 370 አካባቢ ናቸው። እንጀራ ትተሽ ፓስታ ብትበዪ ያው ነው። ዳቦም ያው ነው። ቀይ ጤፍ ያከሳል የሚባለውም ወሬ ነው፤ ካሎሪው ከነጩ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ጤፍ ብረትና አሰር አለው፣ ያጠግባል፣ ለምደሽዋል። ችግሩ አንድ ሙሉ እንጀራ ላይ ሌላ ጥቅል መጨመሩ ነው።

ዘይቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከሁሉም በላይ ልብ እንድትዪው የምፈልገው ይህን ነው። ስብ በግራም 9 ካሎሪ አለው፤ ስኳርና ፕሮቲን 4 ብቻ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የኑግ ይሁን፣ የሱፍ ይሁን፣ ከውጭ የመጣ የወይራ ይሁን፣ ያው 120። ንጥር ቅቤም እንደዚያው። ወጥ የሚሠራ ሰው ደግሞ በማንኪያ አይሰፍርም። ጀሪካኑን ወይም ጠርሙሱን ያዘነብላል፣ ያያል፣ ትንሽ ይጨምራል፣ «ይምጣለት» ይላል። እስኪ አንድ ቀን ሽሮ ስትሠሩ የምትጨምሩትን ዘይት በቡና ስኒ ስፈሪው። አንድ ስኒ ዘይት ከ500 ካሎሪ ያልፋል። ለአራት ሰው ሁለት ስኒ ከገባ፣ ለእያንዳንዱ ከ250 በላይ ካሎሪ ከዘይቱ ብቻ ደረሰው። ሽሮው ራሱ ገና አልተቆጠረም። ጎመኑም በዘይት ነው፣ ምስሩም በዘይት ነው፣ ፍርፍሩማ አይነሳ። በያይነቱ «ቀላል ምግብ» ነው የሚባለው ስሙን ሰምቶ እንጂ ዘይቱን አይቶ አይደለም።

ጣዕሙን ሳትገድዪ መቀነስ ይቻላል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ አቁላዪው፤ ለዶሮ ወጥ እንደምናደርገው። ሲይዝ ዘይት በመጨመር ፈንታ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ውኃ አርከፍክፊበት። ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ሰፍረሽ አስገቢ፤ ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ። እላዩ ላይ ስለሚንሳፈፍ ዓይንም ምላስም ብዙ የገባ ይመስላቸዋል። ወጡን የምትሠሪው አንቺ ካልሆንሽና የሚሠራው ሰው «ያለ ዘይት ወጥ አለ እንዴ?» የሚል ከሆነ፣ አትጣዪ። ከላይ የተንሳፈፈውን ቅባት በጭልፋ ገፋ አድርገሽ ከሥር ውሰጂ። ሙሉ በሙሉ አያድንሽም፤ ግን ይቀንሳል።

ስኳሩን ባጭሩ ልለፈው። ቢሮ ውስጥ ሦስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ 150 ካሎሪ ነው። ወደ አንድ አንድ ማንኪያ ብታወርጂው ምንም ሳትራቢ 100 ካሎሪ አገኘሽ። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 125 አካባቢ፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 አካባቢ ነው። ስኳር የገባበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ አቮካዶ ጁስ ከ300 ማለፉ ብርቅ አይደለም። ጤናማ ነው ብለው ከምግብ በላይ የሚጠጡት ይመስለኛል።

ጉድ የሚፈላው ግን ቅዳሜና እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በጨዋ ደንብ 1500 በላሽ እንበል። ቅዳሜ የማኅበር ድግስ፣ እሑድ እናት ቤት ምሳ፣ ከቡናው ጋር ፈንዲሻና ድፎ ዳቦ። ሁለቱን ቀን 2500፣ 2500። የሳምንቱ አማካይ ስንት መጣ? 1786። ከ400 ጉድለት 114 ብቻ ተረፈ። አምስት ቀን ከተራብሽው አብዛኛው በሁለት ቀን ተመለሰ። ለዚህ ነው ቁጥሩን በሳምንት አስቢው የምልሽ፤ 10,500። ቅዳሜ 2000 እንደምትበዪ ካወቅሽ ከሌሎቹ ስድስት ቀናት ላይ 80፣ 80 አንሺ። ድግስ አትቅሪ።

የጋራ ገበታውስ? አንድ ትሪ ላይ ለአምስት ሲበላ ማን ስንት እንደበላ ማን ያውቃል? እኔ ለታካሚዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ በራስሽ ሳህን ብዪ። ግማሽ እንጀራ ምን እንደሚመስል፣ አንድ ጭልፋ ሽሮ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይንሽ ይልመድ። «ምን ሆነች?» ይባላል፤ ሐኪም አዞኝ ነው በይ። ከዚያ ወደ ትሪው ተመለሺ። ግን ከመጀመርሽ በፊት የራስሽን ግማሽ እንጀራ ከፊትሽ አስቀምጪና ከእሱ ብቻ ቁረሺ። ከሥር የተነጠፈውን አትንኪ። ወጡን ጠጥቶ የቀረው ያ ምንጣፍ ዘይቱ ሁሉ የተከማቸበት ነው። (ጣፋጩም እሱ ነው፣ አውቃለሁ።) ጉርሻ እምቢ አይባልም። ለእሱ በቀን 60 እና 70 ካሎሪ አስቀምጪለት።

አንድ የ1500 ቀን ምን ይመስላል? ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ 60 ግራም ያህል ዳቦ፣ በአንድ ማንኪያ ስኳር ሻይ፤ 325 አካባቢ። ምሳ ግማሽ እንጀራ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት የደረሰው አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ ላዩ ላይ ጎመን ወይም ሰላጣ በዛ አድርገሽ፤ 560። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ሙዝና ማኪያቶ፤ 160። ራት የእንጀራ ሲሶ፣ የምስር አልጫ፣ የተቀቀለ ቀይ ሥር ወይም ካሮት፤ 390። ድምሩ 1435። የቀረው 65 የጉርሻው ነው። ይህን እንደ መድኃኒት ማዘዣ አትያዢው። ጥብስ ያማረሽ ቀን ከሽሮው ቦታ ጥብስ ይግባ። ዘይቱ ግን ይቆጠር።

ማታ የሚያስነሳሽ ርሃብ በአብዛኛው የቀን ሥራ ነው። ቁርስ ዘለሽ፣ ምሳ ሰላጣ በልተሽ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ራስሽን ያዢ ማለት ከባድ ነው። ፕሮቲንሽንም እጠራጠራለሁ። ክብደት የሚቀንስ ሰው ፕሮቲን ካነሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ላንቺ በቀን 70 እስከ 80 ግራም ጥሩ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። የሚያጠግበውም ፕሮቲንና አሰር ነው። ስለዚህ ወጡን አብዢ፣ እንጀራውን አሳንሺ። እኛ ቤት የተለመደው የዚህ ተቃራኒ ነው።

አሁን ወደ ሰርጉ። ከ82 ወደ 62 ማለት 20 ኪሎ ነው። 20 ጊዜ 7700፣ 154,000 ካሎሪ። ለ90 ቀን ሲካፈል በቀን 1700 ይጎድል ማለት ነው። የምታቃጥዪው 1900 ነው። ስለዚህ በቀን 200 ካሎሪ በልተሽ፣ ማለትም ሁለት ሙዝ በልተሽ፣ ሦስት ወር ልትኖሪ ነው። አይሆንም። በፍጥነት ብዙ ኪሎ የሚጥሉ ሰዎች የሐሞት ጠጠር ሊይዛቸው፣ ፀጉራቸው ሊረግፍ ይችላል፤ ሴቶች ደግሞ የወር አበባቸው ሊቋረጥ ይችላል።

በ400 ጉድለት በሦስት ወር 4 እስከ 5 ኪሎ ትቀንሻለሽ። 77 አካባቢ ሆነሽ ሰርጉ ላይ ትገኛለሽ። ያንስብሻል፣ ይገባኛል። ግን ከክብደት ላይ 5 በመቶ መውረድ ለደም ግፊትና ለደም ስኳር የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ላንቺ 5 በመቶው 4 ኪሎ ነው። ለቁመትሽ ጤናማ የሚባለው ክብደት ጣሪያው 65 አካባቢ ነው። እሱ የዓመት፣ የዓመት ተኩል ጉዳይ ነው። የሰርጉን ቀሚስ ለማሰፋት ብቻ አትቸኩዪ፤ የመጨረሻውን ልክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስጪ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሁዳዴ በራሱ አያከሳም። 55 ቀን ጾመው ሁለት ኪሎ ጨምረው የሚመጡ ሰዎች ሞልተዋል። ሥጋው፣ ወተቱና ቅቤው ይቀራል፤ በምትኩ ዘይቱ በእጥፍ ይገባል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ የተገኘ የጾም ፍርፍር፣ ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች፣ በለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ። ለውዝ በ100 ግራም ከ560 ካሎሪ በላይ ነው፤ እፍኟ ብቻ 170 ትሆናለች። የገብስ ቆሎ እፍኝ 100 አካባቢ ነው፤ እሱ ይሻልሻል።

ስትጾሚም ቁጥርሽ ያው 1500 ነው። ሁለት ጊዜ የምትበዪ ከሆነ በግምት 800 እና 700 አድርጊው። የቀኑ ጾም መፍቻ ሰዓት ሲደርስ በሾርባ ወይም በምስር ጀምሪ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንጀራውን አምጪ። ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከባቄላ፣ ከአኩሪ አተር አሟዪ። ዓሣው ላይ ክርክር አለ፤ እኔ አልገባበትም። ሲፈሰክ ግን ተጠንቀቂ። የፋሲካ ሰሞን አንድ ሳምንት የሳምንታትን ሥራ ሊበላው ይችላል። በዓሉን ብዪ፣ ሰኞን ብዪ፣ ማክሰኞ ወደ ቁጥርሽ ተመለሺ።

ስፖርት ብትጠይቂኝ ኖሮ እንዲህ እልሽ ነበር፦ ሥሪ፣ ግን አትቁጠሪው። 82 ኪሎ ሰው ለግማሽ ሰዓት ሜዳ ላይ ቢራመድ ተጨማሪ የሚያቃጥለው ከ100 ካሎሪ ብዙ አይበልጥም። የጂሙ ማሽን 400 ብሎ ቢያሳይሽ አትመኚው፤ በተለይ «አቃጥያለሁ» ብለሽ አትብዪበት። የእንቅስቃሴው ጥቅም ሌላ ነው፤ ልብ፣ እንቅልፍ፣ ጡንቻ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃና ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት በቂ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ። በየቀኑ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳትቀምሺ ተመዘኚ፤ ጻፊው፤ እርሺው። የዛሬው ቁጥር ለብቻው ምንም አይነግርሽም። ትናንት ጨው የበዛበት ምግብ ከበላሽ፣ የወር አበባሽ ከደረሰ፣ ሆድሽ ከደረቀ፣ አንድም ሁለትም ኪሎ ወዲያና ወዲህ ይላል። በሳምንቱ መጨረሻ ሰባቱን ደምረሽ ለሰባት አካፍዪ። የምታወዳድሪው አማካዩን ከአማካዩ ጋር ነው። አራት ሳምንት ሳይሞላ ቁጥርሽን አትነካኪ። የወር አበባ ዑደትሽም በዚያ ውስጥ ይጠቃለላል።

ከአራት ሳምንት በኋላ አማካዩ በሳምንት ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ እየወረደ ከሆነ፣ ቁጥሩን አግኝተሻል ማለት ነው፤ አትንኪው። ካልወረደ፣ መጀመሪያ ዘይቱን፣ ስኳሩንና ቅዳሜን እንደገና ፈትሺ። እነሱ ንጹሕ ከሆኑ 100 ወይም 150 ቀንሺ፤ ከ1300 በታች ግን ብቻሽን አትሂጂ። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ እየወረድሽ ከሆነ፣ ወይም የሚያዞርሽ፣ የሚበርድሽ፣ የምትነጫነጪ ከሆነ 200 ጨምሪ። ክብደትሽ በ5 ኪሎ በወረደ ቁጥር ቀመሩን እንደገና ሥሪው። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያንሳል፤ 77 ስትሆኚ ከ1900ው ላይ ከ60 ያላነሰ ካሎሪ ይወርዳል። የወገብሽንም ዙሪያ በሜትር እየለካሽ ጻፊ። ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ የሚቀንስበት ሳምንት አለ።

የማክሻ ሻይና እንክብል ያቀረቡልሽ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። ሻዮቹ አብዛኞቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወጣው ውኃ ነው። በእንክብሎቹ ውስጥ ደግሞ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ ሲገኝ ኖሯል። ልብንና አንጎልን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፤ ጠጪ፣ አይጎዱም፤ ስብ ግን አያቀልጡም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት መድኃኒት አልወስድም ስላልሽ ነው። ሌላ አንባቢ ሒሳቡን ለራሱ ከመገልበጡ በፊት ልብ ይበል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግቡን ቢቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ መጠኑን ሐኪሙ አስቀድሞ ያስተካክልለት። የደም ግፊት መድኃኒትም ክብደት ሲወርድ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ነፍሰ ጡር የካሎሪ ቅነሳ አይመለከታትም። የምታጠባ እናት ጭራሽ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ይህ ቀመር አልተሠራም።

አንቺም ዘይቱን ሰፍረሽ፣ ቅዳሜውን ቆጥረሽ፣ አራት ሳምንት ሙሉ በእውነተኛ 1500 ቆይተሽ አማካዩ ፈቀቅ ካላለ፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ስኳርና የደም ማነስ ምርመራ አድርጊ። በተለይ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ብርድ መፍራት ወይም የወር አበባ መዛባት ካለ አራት ሳምንቱንም አትጠብቂ። ስትሄጂ የጻፍሻቸውን የየቀኑ ክብደቶችና የበላሽውን ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ አንድ ሰዓት ጠይቆ የማያገኘውን ከዚያ ወረቀት ያገኘዋል።